የዕዳ ወረቀት ምን ይመሰክራል?

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዕዳ እንነጋገራለን። ዕዳ በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ባለ ሱቁ ከጅምላ ሻጩ በዱቤ ይወስዳል። ቤት የሚሠራው ከወንድሙ ይበደራል። ልጁን የሚድረው ከጎረቤቱ ይቀበላል። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በቃል ነው። «በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?» እየተባባሉ ይለያያሉ። ሁለቱም በሕይወት እስካሉና እስከተዋደዱ ድረስ ችግር ላይፈጠር ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ግን ነገሩ ይለወጣል። ጀናዛው ተቀብሮ፣ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ «ሟቹ ይህን ያህል የእኔ ገንዘብ አለበት» የሚል ሰው ይመጣል። ሚስት አታውቅም፤ ልጆቹም አልሰሙም። እንክፈል ቢሉ ማስረጃ የለም። አንከፍልም ቢሉ የአባታቸው ነገር ያሳስባቸዋል። በሸሪዓችን ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ መከፈል እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለንና።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የምናየው ከሩቅ ከተማ በተገኙ መዛግብት በኩል ነው። ከተማዋ ዛንዚባር ናት። በዚያች ከተማ ከመቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ዕዳቸውን ይጽፉ ነበር፤ ምስክርም ያቆሙ ነበር። ይሁን እንጂ መጻፋቸው ብቻ ሁልጊዜ አላዳናቸውም። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃልና በሰዎቹ መካከል የነበረው እውነት አንዳንድ ጊዜ ይለያዩ ነበርና። የቅኝ ገዢዎች ፍርድ ቤት በመጣ ጊዜ ልዩነቱ ገሃድ ወጣ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በቅደም ተከተል እንየው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛንዚባር ከዛሬዋ ታንዛኒያ ጠረፍ ማዶ፣ በህንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ ደሴት ናት። የዑማኑ ገዢ ሰዒድ ቢን ሱልጣን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መቀመጫቸውን ከመስከት ወደዚህች ደሴት አዛወሩ። በ1856 እስኪሞቱ ድረስም ደሴቲቱ የምሥራቅ አፍሪካ ትልቋ የንግድ ወደብ ሆና ነበር። ሁለት ነገሮች አበለጸጓት። አንደኛው በዛንዚባርና በጎረቤቷ በፔምባ ደሴት የተተከለው ቅርንፉድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመሐል አፍሪካ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ ነው። በገበያዋ ዑማኖች፣ ሐድረሚዎች፣ ሰዋሒሊዎች፣ ኮሞሮዎችና ህንዶች ጎን ለጎን ይነግዱ ነበር።

የንግዱ ቋንቋ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ገንዘባቸው አያቶቻችን የሚያውቁት ማርትሬዛ ብር ነበር። የዝሆን ጥርሱም የሚመዘነው በፈረሱላ ነበር። ጅማና ሐረር ላይ ቡና የሚመዝነው ነጋዴና በዛንዚባር ጥርስ የሚመዝነው ነጋዴ የሚዛናቸው ስም አንድ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ንግድ የቆመው በዱቤ ላይ ነበር። አንድ ሲራራ ነጋዴ ጨርቁን፣ ዶቃውንና ባሩዱን ከህንዳዊ ባለ ገንዘብ በብድር ይወስዳል። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ታቦራ፣ ከዚያም አልፎ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ኡጂጂ ይዘልቃል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። ይመለስ ይሆናል፤ በበሽታ ወይም በጦርነት ይቀርም ይሆናል። አበዳሪው በከተማው ቁጭ ብሎ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ወረቀት ነው።

ይህን ወረቀት «ወረቃ» ይሉታል። እኛም «ወረቀት» የምንለው ቃል የዚሁ የዐረብኛ ቃል ዘመድ ነው። ወረቃው ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጸሐፊው የተበዳሪውን ስም እስከ አባቱ፣ እስከ አያቱና እስከ ጎሳው ያሰፍራል። ቀጥሎ ተበዳሪው ይህን ያህል ብር ወይም ይህን ያህል ፈረሱላ ጥርስ እንዳለበት ማመኑን፣ የሚከፍልበትን ጊዜና ለዋስትና ያስያዘውን ቤት ወይም የቅርንፉድ መሬት ይጽፋል። ዛሬ በዛንዚባር ቤተ መዛግብት ከተቀመጡት ሰነዶች መካከል እነዚህ የውል ወረቀቶች፣ የተመዘገቡባቸው መዝገቦችና በእነሱ የተነሳ የተከፈቱ የፍርድ ቤት ፋይሎች ይገኙበታል። ፋሀድ አሕመድ ቢሻራ የተባሉ የታሪክ ምሁር በ2017 የታተመውን ስለ ህንድ ውቅያኖስ ዕዳና ሕግ የሚያወሳውን መጽሐፋቸውን የጻፉት እነዚህን ወረቀቶች አገላብጠው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በወረቃው ላይ የሚናገረው ተበዳሪው ነው። «እገሌ የእገሌ ልጅ ይህን ያህል እንዳለበት አመነ» ይላል እንጂ አበዳሪው «ይህን ያህል አለኝ» አይልም። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ የወረደው ስለ ብድር አጻጻፍ ነው። በዚያ አንቀጽ ቃሉን እየተናገረ የሚያጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን ታዝዟል። ዕዳ ያለበት ሰው ደካማ ወይም ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ደግሞ አሳዳሪው በፍትሕ ያስጽፍለታል። ጸሐፊው እንዲያስተካክል፣ ምስክሮች እንዲቆሙ፣ ዕዳው ትንሽም ሆነ ትልቅ መጻፉ እንዳይሰለች፣ ጸሐፊውና ምስክሩም እንዳይጎዱ ታዝዟል። የዛንዚባር ጸሐፊዎች ወረቀታቸውን የሠሩት በዚህ ልማድ ውስጥ ሆነው ነው።

ክርክር ሲነሳ ወዴት ይኬድ ነበር? በሱልጣኑ ግዛት ዳኝነቱ የቃዲዎች ነበር። ገዢው ቤተሰብ የኢባዲ መዝሀብ ተከታይ ሲሆን አብዛኛው ሕዝብ ሻፊዒይ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ቃዲዎች ነበሩ። ከሶማሊያዋ ባራዋ የመጡት ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ አል-አመዊና በኮሞሮ የተወለዱት ሸይኽ አሕመድ ቢን ሱመይጥ በዚያ ዘመን ስማቸው ከተጠራ የሻፊዒይ ዑለማዎችና ቃዲዎች መካከል ናቸው።

ይሁንና በ1866 ሌላ ችሎት ተጨመረ። እንግሊዞች በቆንስላቸው ሥር የራሳቸውን ፍርድ ቤት አቋቋሙ። ችሎቱ የሚዳኘው የእንግሊዝ ተገዢዎችን ነው ተባለ። በዛንዚባር የእንግሊዝ ተገዢ ማን ነበር? በአብዛኛው ገንዘብ አበዳሪዎቹ ህንዶች ነበሩ። ስለዚህ ከተማውን ከሚያንቀሳቅሰው ዕዳ ብዙው ቀስ በቀስ ወደዚያ ችሎት መግባት ጀመረ። የሚሠራበት ሕግ በአብዛኛው ከህንድ የመጣ ሲሆን ይግባኙም የሚሄደው ባሕር ተሻግሮ ወደ ቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። በ1890 ደግሞ ዛንዚባር ራሷ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ዋለች። ሱልጣን ነበረ፤ ቃዲም ነበረ። ነገር ግን የነጋዴው ወረቀት የሚነበብበት ዋናው ችሎት ሌላ ሆነ።

ይህ ችሎት ምን ያህል ርቀት ይደርስ እንደነበር ለማየት አንድ የታወቀ ጉዳይ ልጥቀስ። ቲፑ ቲፕ በሚል ስም የሚታወቁት ሐመድ ቢን ሙሐመድ አል-ሙርጀቢ በዘመኑ ከነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች ሁሉ የገነኑ ነበሩ። በ1887 ከአሳሹ ከሄንሪ ስታንሊ ጋር ጓዝ ተሸካሚዎችን ለማቅረብ ተዋዋሉ። ተሸካሚዎቹ ዘግይተውና ጎድለው ደረሱ በሚል በሁለቱ መካከል ጠብ ተነሳ። ስታንሊ በ1889 መጨረሻ ከጉዞው ሲመለስ በዛንዚባሩ የቆንስላ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ቲፑ ቲፕ በዚያን ጊዜ በኮንጎ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ተገዢም አልነበሩም። ገንዘባቸው ግን በዛንዚባር፣ በታወቀው የታሪያ ቶፓን የንግድ ቤት እጅ ነበር። ያ ቤት የህንዶች ስለሆነ የችሎቱ ሥልጣን ይደርስበታል። ስለዚህ ችሎቱ ሰውየውን ማግኘት ባይችልም ገንዘቡን ማገድ ቻለ። ክሱ በኋላ ከፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ። ነገር ግን ነጋዴው ሁሉ አንድ ነገር ተረዳ። ከእንግዲህ የአንድ ሰው ገንዘብ ደኅንነት በራሱ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን በያዘለት ሰው ዜግነትም ጭምር ይወሰናል።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን።

ከወረቃዎቹ ብዙዎቹ «በይዕ አል-ኺያር» የሚባል ውል የያዙ ናቸው። ትርጉሙ የመመለስ ምርጫ ያለበት ሽያጭ ማለት ነው። እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው 1,000 ብር ፈለገ እንበል። ባለ ገንዘቡ ዘንድ ሄዶ «ቤቴን በ1,000 ብር ሸጬልሃለሁ፤ ነገር ግን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ብሩን ከመለስኩልህ ቤቱ ይመለስልኛል» ይላል። ወረቀቱ ይጻፋል። ሻጩ ከቤቱ አይወጣም። እዚያው እየኖረ ለገዢው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ብሩን በጊዜው ከመለሰ ቤቱ ይመለስለታል። ጊዜው ካለፈ ግን ሽያጩ ይጸናል።

ወረቀቱ «ሽያጭ» ይላል፤ «ኪራይ» ይላል። ወለድ የሚል ቃል የለበትም። ነገር ግን የጓዳውን ምሥጢር ሁሉም ያውቃል። ሰውየው ቤቱን ለመሸጥ አልፈለገም፤ የፈለገው ብድር ነው። ባለ ገንዘቡም ቤት ለመግዛት አልፈለገም፤ የፈለገው ከገንዘቡ ትርፍ ማግኘት ነው። ኪራይ የተባለውም በወለድ ፈንታ የሚከፈል ነው። በአገራችን «ወለድ አገድ» የሚባለውን የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። በወለድ አገድ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላል፤ ዋናው ሲመለስለት መሬቱን ይለቃል።

እንዲህ ዓይነቱ ውል በዛንዚባር ብቻ የነበረ አይደለም። በዑማን ይሠራበት ነበር። በሐነፊዮች አገር ተመሳሳዩ «በይዕ አል-ወፋእ» ተብሎ ይታወቃል፤ የኦቶማን መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 ባወጣው የሕግ መጽሐፉም አስገብቶታል። ዑለማዎች ግን ብዙ ተከራክረውበታል። ከፊሎቹ የሰው ችግር አስገድዶናልና ይፈቀድ አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ይህ ስሙን የለወጠ ሪባ ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በዚህ ንግግር ፈትዋ ለመስጠት አልተነሳሁም፤ ያ የዑለማዎች ድርሻ ነው። የእኔ ጥያቄ ወረቀቱ ወደ ችሎት ሲመጣ ምን ሆነ የሚለው ነው።

በ1872 በዛንዚባር ላይ ከባድ አውሎ ነፋስ ወርዶ ቅርንፉዱን ገንድሶ ጣለው። ለዓመታት የተደከመበት ተክል በአንድ ጊዜ ወደመ። ዕዳው ግን አልወደመም። የቅርንፉድ ዋጋ ሲወድቅም እንዲሁ ነው። በጊዜው መክፈል ያልቻለው ሰው በዛ። ወረቀቶቹም ወደ ፍርድ ቤት መጡ።

የእንግሊዙ ዳኛ ወረቀቱን አነበበና ጠየቀ፦ «ይህ ሽያጭ ነው ወይስ መያዣ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን የአንድን ቤተሰብ ዕድል ይወስናል። ሽያጭ ነው ከተባለ ጊዜው ያለፈበት ቤት የአበዳሪው ነው፤ ባለቤቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ ቤቱ ከብሩ እጥፍ የሚያወጣ ቢሆን እንኳ። መያዣ ነው ከተባለ ደግሞ ቤቱ አሁንም የተበዳሪው ነው፤ አበዳሪው የሚጠይቀው ዕዳውን ብቻ ነው፤ ጊዜው ቢያልፍም ከፍሎ የማስመለስ ዕድል አለ። ነገር ግን በእንግሊዝ ሕግ መያዣ ወለድ ሊኖረው ይችላል። ኪራይ ሲባል የነበረው ሁሉ በዳኛው ፊት ወለድ ተብሎ ይቆጠራል።

የችሎቱ ዳኞች ከጊዜ ወደ ጊዜ ውሉን እንደ መያዣ ወደ ማየት አዘነበሉ። በህንድም በ1882 የወጣው ሕግ በሽያጭ መልክ የሚደረግን መያዣ ያውቅ ነበር። ዳኞቹ «በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን በተግባር የተደረገው ነገር ይታይ» አሉ። በዚህም አንዳንዱ ተበዳሪ ቤቱ ተረፈለት። አንዳንዱ አበዳሪም ገዛሁ ያለውን አጣ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ደረሰባቸው። ከወለድ ስም ለመሸሽ ብለው የጻፉት ወረቀት፣ ሸሪዓን በማያውቅ ዳኛ ፊት «ይህ ወለድ ያለበት ብድር ነው» ተባለባቸው። በጓዳ ሁሉም የሚያውቀውን ባዕድ ሰው በአደባባይ አነበበው።

የዕዳው ነገር በዚህ አላበቃም። በ1930ዎቹ የቅርንፉድ ገበሬዎች ዕዳ ከመክበዱ የተነሳ መንግሥት በ1934 የዕዳ ክፍያን በማገድና የዐረቦችና የአፍሪካውያን መሬት ወደ ሌሎች እንዳይተላለፍ በመገደብ አዋጅ አወጣ። ህንድ ነጋዴዎች ተቃወሙ። በ1937 በህንድ የዛንዚባር ቅርንፉድ አይገዛም የሚል አድማ እስከ መጠራት ደረሰ። በአንዲት ገጽ ላይ የተጻፈ የሁለት ሰዎች ውል ሲደራረብ የአገር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ስለ እነዚህ መዛግብት ስናወራ አንድ መራራ እውነት መደበቅ አይገባንም። ከዚያ ዕዳ ከፊሉ የሰው ንግድ ማንቀሳቀሻ ነበር፤ ቅርንፉዱንም ይለቅሙ የነበሩት በብዛት ባሪያዎች ነበሩ። በዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873 ነው። ባርነት ሕጋዊ ዕውቅናውን ያጣው በ1897 ሲሆን ነጻነቱን የሚፈልገው ሰው ራሱ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነበረበት፤ ካሳውም የተከፈለው ለጌታው ነበር። ስለዚህ በወረቃዎቹ የነጋዴው ስም እስከ አያቱ ሲጻፍ፣ የለፋው ሰው ስም ሳይጻፍ ቀርቷል። መዝገብን የሚያነብ ሰው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም መጠየቅ አለበት።

በሌላ በኩል ደግሞ የቃዲዎቹ መዛግብት ደስ የሚያሰኝ ነገር ይነግሩናል። ኤልከ ሽቶክራይተር የተባሉ ተመራማሪ በ2015 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዛንዚባር ሴቶች ወደ ቃዲው ችሎት በብዛት ይመጡ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ቀድሞ ባሪያ የነበሩና የእነሱ ልጆች ይገኙባቸዋል። ቀለባቸውን፣ መህራቸውንና ንብረታቸውን ይጠይቁ ነበር፤ ሰሚም ያገኙ ነበር። ዘመድ የሌላት፣ ገንዘብ የሌላት ሴት መብቷ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከዚህ ታሪክ ለቤተሰባችን የሚሆን ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ዕዳን መጻፍ አለመተማመን አይደለም። የዛንዚባሩ ነጋዴ ለዓመታት ከሚያውቀው ሰው ጋር ነበር የሚጽፈው። የሚጻፈው የዛሬው ወዳጅ ከድቶኝ ይሆናል ተብሎ ብቻ አይደለም። ነገ ሁለታችንም ላንኖር እንችላለን፤ ያን ጊዜ ልጆቻችን እንዳይጣሉ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚጻፈው እውነቱ ይሁን። ብድር ከሆነ ብድር ይባል። ሽርክና ከሆነ የትርፉም የኪሳራውም ድርሻ ይጻፍ። አደራ ከሆነ አደራ ይባል። ዛሬም በመካከላችን ለግብር፣ ለባንክ ወይም ለዘመድ ሐሜት ሲባል ቤቱ በአንዱ ስም ሆኖ ገንዘቡ የሌላው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ውጭ አገር ያለች እህት ለፍታ በላከችው ገንዘብ ወንድም በራሱ ስም ቤት ይገዛል። ሁለቱ ይተዋወቃሉ፤ ወረቀቱ ግን አያውቃቸውም። ወንድም ቢሞት ወራሾቹ ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ። ዳኛውም የሚያየው ወረቀቱን ነው። የዛንዚባሩ ዳኛ ከስሙ አልፎ ተግባሩን ቢጠይቅም እንኳ ብዙ ክርክር፣ ብዙ ወጪና ብዙ ዓመት ይጠይቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ተበዳሪው ራሱ ያስጽፍ። አበዳሪ ጽፎ «ፈርም» ሲለው ተበዳሪ አፍሮ ሳያነብ ይፈርማል። ቃሉን ራሱ እየተናገረ ካስጻፈ ግን የሚገባበትን ያውቃል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው ሆኖ ያንብብላቸው፤ ያስረዳቸው።

አራተኛ፣ ወረቀቱ ያለበትን ቦታ ሌላ ሰው ይወቅ። በሣጥን ታች ተቆልፎ ማንም የማያውቀው ወረቀት እንዳልተጻፈ ነው። የቤቱ አባወራ ያለበትንና ያለውን ጽፎ ለሚስቱ ወይም ለትልቅ ልጁ ያሳይ። እናትም የእቁቧን፣ ያበደረችውንና የተበደረችውን እንዲሁ ታድርግ። ዕዳው ሲከፈል ደግሞ መከፈሉ ይጻፍ። የተከፈለ ዕዳ ወረቀቱ ካልተሰረዘ ሁለተኛ ሊጠየቅ ይችላልና።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሟች ላይ ከመስገዳቸው በፊት ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ እንደነበር በሐዲስ ተላልፎልናል። የሟቹ ሰው ዕዳ ያኔም በቀብሩ ዋዜማ የሚነሳ ጥያቄ ነበር። በዛንዚባር ቤተ መዛግብት የተቀመጡት ወረቀቶች ጸሐፊዎቻቸው፣ ምስክሮቻቸውና ባለ ዕዳዎቻቸው ሁሉ አልፈዋል። ቤቶቹ ተለውጠዋል፤ ብሩም ከገበያ ወጥቷል። ወረቀቶቹ ግን እስከ ዛሬ ይናገራሉ። እውነቱን የጻፈው እውነቱ ይነገርለታል። ስም የለወጠው ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ አንባቢ «ይህ በእውነት ምን ነበር?» እያለ ይጠይቀዋል። በዚህች ዓለም ዳኛ ፊት እንዲህ ከሆነ፣ ልብን በሚያውቀው ጌታ ፊት ምን ሊሆን እንደሚችል እያንዳንዳችን እናስብ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቃችንን የምንጽፍ፣ የሰውን ሐቅ የምንመልስ ያድርገን። በዕዳ የተያዙትን መክፈያ ይስጣቸው። ያለ ዕዳቸው መክፈያ የሞቱብንንም ወራሾቻቸው እንዲከፍሉላቸው ያግራላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።